«ተማሪ» የተባለው ጠማቂ፦ የዊልያም ሲሊ ጎሴት ሕይወትና የትንሽ ናሙና ስሌት

መግቢያ

በንግድ ሥራ ወይም በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የስታቲስቲክስን መሠረታዊ ኮርስ የወሰደ ሰው ሁሉ የ«ቲ» ሠንጠረዥን ያውቀዋል። በመማሪያ መጽሐፉ መጨረሻ ገጾች ላይ፣ ከመደበኛው ስርጭት ሠንጠረዥ ቀጥሎ ይገኛል። ናሙናው ከ30 ሲያንስና የሕዝቡ መደበኛ ልይይት ሳይታወቅ ሲቀር ወደዚህ ሠንጠረዥ መዞር እንደሚገባ መምህሩ ይናገራል፤ ተማሪውም ይዞራል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ መልሱን ይጽፋል። ሠንጠረዡን ማን እንዳሰላው፣ በምን ችግርስ ተገፍቶ እንዳሰላው ግን እምብዛም አይጠየቅም። የ«ተማሪ» ስርጭት የሚለውን ስያሜ ለጀማሪዎች ተብሎ የቀለለ ዘዴ አድርገው የሚወስዱትም አይጠፉም።

ጥያቄው በአካባቢያችን ተግባራዊ ክብደት አለው። ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅና በጋሞ ተራሮች ግርጌ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ የጫኖ ሚሌ፣ የጫኖ ዶርጋና የጫኖ ጨልባ ቀበሌዎች ይገኛሉ። አርሶ አደሩ ሙዝና ማንጎ ያመርታል፤ ከፊሉ መሬት በሐሬ ወንዝ ውኃ በመስኖ ይለማል። ለመመረቂያ ጥናት ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሺህ ናሙና አያገኝም። የሚያገኘው ማሳቸውን ለሙከራ ሊያውሱ የፈቀዱ አምስት ወይም ስድስት አርሶ አደሮችን ነው። ከዚህ ጥቂት መረጃ የሚወጣው ድምዳሜ ስህተት ቢሆን ዋጋውን የሚከፍለው ምክሩን ሰምቶ ጉልበቱንና ገንዘቡን ያፈሰሰው አምራች ነው። ጎሴት ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በዚሁ ዓይነት ችግር ላይ ነበር። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአጭሩ ከተረከ በኋላ የሠራቸውን ስሌቶች ለልምምድ በሚመች መልኩ ያቀርባል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ዊልያም ሲሊ ጎሴት ሰኔ 13 ቀን 1876 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በካንተርበሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ በብሪታንያ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ኮሎኔል ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ወታደራዊ መሐንዲስ ለመሆን ይመኝ ነበር፤ ሆኖም የዓይኑ ድካም ይህን መንገድ ዘጋበት። በዊንቸስተር ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኒው ኮሌጅ ገባ። በ1897 በሒሳብ፣ በ1899 ደግሞ በኬሚስትሪ የአንደኛ ደረጃ ውጤት አገኘ።

እነዚህ ሁለት ትምህርቶች በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው የኋላ ሥራውን ወስኖታል። ኬሚስት በመሆኑ መለካት ምን ያህል አድካሚና ውድ እንደሆነ ያውቃል፤ ሒሳብ በመማሩ ደግሞ ከጥቂት ልኬት ምን ያህል እውነት ሊወጣ እንደሚችል መጠየቅ ይችላል።

በደብሊን የጠመቃ ቤት

በ1899 ጎሴት በደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1759 የተመሠረተው ይህ ድርጅት በዚያ ዘመን በዓለም ካሉት የቢራ ፋብሪካዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ወጣት የሳይንስ ምሩቃንን እየቀጠረ በጠማቂነት ያሠራ ነበር። የጠላ ጠመቃን የሚያውቅ አንባቢ የእነዚህን ወጣቶች ችግር ለመረዳት አይቸገርም። ብቅሉ ከአንዱ ገብስ ወደ ሌላው ይለያያል፤ እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ዛሬ በዝቶ ነገ ያንሳል፤ የጌሾን ቦታ የሚይዘው ሆፕስ የተባለው መራራ አበባም በየመከሩ ጥራቱ ይቀያየራል። በእጅ ልምድ የምትጠምቅ እናት ልዩነቱን ቀምሳ ታስተካክላለች። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ በርሜሎችን የሚያወጣ ፋብሪካ ግን ልዩነቱን በቁጥር ማወቅ ነበረበት።

ቁጥሩ ደግሞ ጥቂት ነበር። የብቅልን የስኳር ይዘት አንድ ጊዜ መለካት ጊዜና ሠራተኛ ይጠይቃል፤ አንድ የገብስ ዘር በአንድ ማሳ ላይ መሞከር ሙሉ የእርሻ ወቅት ይፈጃል። በዘመኑ የታወቀው የስህተት ሕግ የሚሠራው ልኬቶቹ እጅግ ብዙ ሲሆኑ ነው። ጎሴት በ1904 ለአለቆቹ ባቀረበው የውስጥ ዘገባ ይህን ሕግ በጠመቃ ሥራ ላይ እንዴት ማዋል እንደሚቻል አስረዳ። በብቅሉ ይዘት ላይ ከግማሽ ዲግሪ ያልበለጠ ስህተት እንዲኖርና የመሳካቱ ዕድል ቢያንስ አሥር ለአንድ እንዲሆን ከተፈለገ፣ የአራት ልኬቶችን አማካይ መውሰድ እንደሚያስፈልግ አሳየ። የሚፈለገው የእርግጠኝነት መጠንም በሥራው ወጪና በሚገኘው ጥቅም እንጂ በሒሳብ ብቻ እንደማይወሰን ቀደም ብሎ ተረድቶ ነበር።

ዘገባው የሒሳብ ሊቅ ምክር እንደሚያስፈልግ አመለከተ። በ1905 ክረምት ጎሴት የለንደኑን የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰንን አገኘ። በ1906 ማርጆሪ ሰርቲስ ፊልፖትስን አገባ፤ በኋላም አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በዚያው ዓመት ፋብሪካው ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ፒርሰን ቤተ ሙከራ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ላከው።

አራት መቶ ካሬዎች

ከዚህ የትምህርት ጊዜ የወጣው የመጀመሪያ ጽሑፉ በ1907 ታተመ። የተነሳበት ጉዳይ የጠማቂ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። እርሾ ወደ ጋኑ ከመጨመሩ በፊት በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ስንት ሕዋስ እንዳለ መታወቅ አለበት። ጠብታው በ400 ጥቃቅን ካሬዎች በተከፋፈለ መስታወት ላይ ይፈስና ሕዋሶቹ በአጉሊ መነጽር ይቆጠራሉ። ጎሴት ካቀረባቸው ቆጠራዎች በአንዱ 213 ካሬዎች ባዶ ነበሩ፤ 128ቱ አንድ፣ 37ቱ ሁለት፣ 18ቱ ሦስት፣ 3ቱ አራት፣ 1ዱ ደግሞ አምስት ሕዋስ ይዘዋል።

ይህ ቆጠራ ለፕሮባቢሊቲ ልምምድ እጅግ የተመቸ ነው። ጠቅላላ ሕዋሶቹ 273 ስለሆኑ ለ400 ሲካፈሉ አማካዩ በካሬ 0.6825 ይሆናል። ሕዋሶቹ አንዱ ሌላውን ሳይስብ ወይም ሳይገፋ በዘፈቀደ ከተበተኑ ስርጭታቸው ፏሶን የሚባለውን መከተል አለበት። በዚህ ስርጭት አንድ ካሬ ባዶ የመሆን ዕድሉ 0.505 ያህል ነው፤ ስለዚህ ከ400ው 202 ያህሉ ባዶ እንዲሆኑ ይጠበቃል። አንድ ሕዋስ የሚይዙት 138፣ ሁለት የሚይዙት 47፣ ሦስት የሚይዙት ወደ 11 መሆን ነበረባቸው። ከቆጠራው ጋር ሲተያዩ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ፤ አይገጥሙም ግን። ባዶዎቹና ሦስት የያዙት ከተጠበቀው በለጡ፣ አንድና ሁለት የያዙት አነሱ። ይህ ሕዋሶቹ በመጠኑ ተጠጋግተው መቀመጣቸውን የሚጠቁም ነው። ተለማማጁ ቀመሩን ከመሙላት አልፎ ልዩነቱ ምን እንደሚነግረው የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው።

ከካርቶን የተቆረጡ ሦስት ሺህ ካርዶች

በመጋቢት 1908 ጎሴት ስሙን ያስጠራውን ጽሑፍ አሳተመ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ከጥቂት ልኬቶች የተገኘ አማካይ ከእውነተኛው የሕዝብ አማካይ ምን ያህል ሊርቅ ይችላል? የሕዝቡ መደበኛ ልይይት ቢታወቅ መልሱ ቀላል ነበር። ሳይታወቅ ሲቀር ግን ከዚያው ከትንሹ ናሙና መገመት የግድ ይሆናል፤ ግምቱም ራሱ ይሳሳታል። እርሱን እንደ እርግጠኛ ቁጥር ቆጥሮ በመደበኛው ሠንጠረዥ መጠቀም ተመራማሪውን ከሚገባው በላይ በራሱ እንዲተማመን ያደርገዋል።

ጎሴት የአዲሱን ስርጭት ቅርጽ ከፊሉን በሒሳብ፣ ከፊሉን በግምት ደረሰበት። ግምቱን ለመፈተን የመረጠው መንገድ ለዛሬ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የ3,000 እስረኞች ቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ርዝመት ቀደም ሲል በሌላ ተመራማሪ ተሰብስቦ ነበር። ልኬቶቹ በ3,000 የካርቶን ቁራጮች ላይ ተጻፉ፤ ካርዶቹ በደንብ ተበውዘው አንድ በአንድ ወጡ፤ በወጡበት ቅደም ተከተል አራት አራት እየሆኑ 750 ናሙናዎች ተሠሩ። ለእያንዳንዱ ናሙና አማካዩና መደበኛ ልይይቱ ተሰላ። የ750ዎቹ ውጤቶች ስርጭት በሒሳብ ከተደረሰበት ቅርጽ ጋር ተቀራረበ። ዛሬ በኮምፒዩተር በቅጽበት የሚሠራው የማስመሰል ስሌት ያን ጊዜ በእጅ ተሠራ።

በዚያው ጽሑፍ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ በ10 ሕሙማን ላይ የተሞከሩ ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሁለቱ መድኃኒቶች የእንቅልፍ ሰዓት ልዩነት ተወሰደ፤ ልዩነቶቹ 1.2፣ 2.4፣ 1.3፣ 1.3፣ 0፣ 1.0፣ 1.8፣ 0.8፣ 4.6 እና 1.4 ናቸው። ድምራቸው 15.8፣ አማካያቸው 1.58 ነው። ጎሴት መደበኛ ልይይቱን ሲያሰላ ለ10 በማካፈሉ 1.17 አገኘ፤ አማካዩን ለዚህ ሲያካፍል 1.35 መጣለት። በአሁኑ አሠራር ለ9 ስናካፍል ልይይቱ 1.23፣ የአማካዩ መደበኛ ስህተት 0.389፣ «ቲ» ደግሞ 4.06 ይሆናል። ሁለቱ አሠራሮች አንድ ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ፤ 1.35ን በ9 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ3 ያባዛ ተማሪ የጎሴት ቁጥር ከዛሬው ጋር መግጠሙን ያያል።

ስሙን የሸሸገ ደራሲ

ጊነስ የሥራ ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲል ሠራተኞቹ በራሳቸው ስም የምርምር ጽሑፍ እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ጎሴት በእንግሊዝኛ «ተማሪ» የሚል ትርጉም ባለው የብዕር ስም ይጽፍ ነበር። በሳይንሱ ዓለም ስመ ጥር የነበረው ሰው ቀን ቀን ፋብሪካ የሚውል ሠራተኛ ነበር።

ጽሑፉ እንደወጣ ትኩረት አላገኘም። ፒርሰንና ባልደረቦቹ በብዙ ሺህ ልኬቶች የሚሠሩ ስለነበሩ የትንሽ ናሙና ጉዳይ የጠማቂዎች ጣጣ መስሎ ታያቸው። ሁኔታውን የለወጠው በ1912 የካምብሪጅ ተማሪ የነበረው ሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር ጎሴት በከፊል በግምት የደረሰበትን ውጤት በጂኦሜትሪ አረጋግጦ ላከለት። ጎሴት ማረጋገጫውን ሊከተለው አልቻለም፤ አለመቻሉን ሳይደብቅ ወደ ፒርሰን አስተላለፈው። በኋላ ፊሸር የነጻነት ዲግሪ የሚባለውን ሐሳብ አስገብቶ ስርጭቱን አሁን በምናውቀው የ«ቲ» መልክ አቀረበው፤ በ1925 ባሳተመው የተመራማሪዎች መጽሐፍም አስፋፋው። አዲሱን ሠንጠረዥ ያሰላው ጎሴት ራሱ ነበር። ፒርሰንና ፊሸር የማይታረቁ ባላጋራዎች ሲሆኑ ጎሴት ከሁለቱም ጋር እስከ መጨረሻው በወዳጅነት ኖሯል። ከካርል ልጅ ከኤጎን ፒርሰን ጋር በ1926 በተጻጻፈበት ጊዜም አንድን መላምት ውድቅ ለማድረግ ሌላ የተሻለ አማራጭ መላምት ሊኖር እንደሚገባ አመልክቷል፤ ይህም ኤጎን ከየዥ ኔይማን ጋር ለገነባው የመላምት ፈተና ንድፈ ሐሳብ መነሻ ሆኗል።

የገብስ ማሳና የወተት ሙከራ

የጎሴት ረጅሙ ሥራ በገብስ ማሳ ላይ ነበር። ፋብሪካው ከአየርላንድ የግብርና መምሪያ ጋር በመሆን የተለያዩ የገብስ ዘሮችን በተለያዩ አካባቢዎች ይሞክር ነበር። የማሳ ችግሩ ለጫኖ አንባቢ የታወቀ ነው። አፈሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ለመስኖው ቦይ ቅርብ የሆነው ክፍልና ጅራቱ ላይ ያለው እኩል ውኃ አያገኙም። አንዱ ዘር በለማው ጫፍ፣ ሌላው በደከመው ጫፍ ከተዘራ የተለካው ዘሩ ይሁን መሬቱ አይታወቅም። ጎሴት የደገፈው መፍትሔ ሁለቱን ዘሮች ጎን ለጎን በጠባብ መደቦች፣ በሀ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ ሥርዓት እያመጣጠኑ መዝራትና የጎረቤታሞቹን ልዩነት ማስላት ነበር።

ፊሸር በዚህ አልተስማማም። መደቦቹ በዕጣ ካልተደለደሉ የስህተቱ መጠን በታማኝነት ሊሰላ አይችልም አለ። ጎሴት በበኩሉ የመሬቱ አቀማመጥ እየታወቀ ሁሉንም ለዕጣ መተው መረጃ ማባከን እንደሆነ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ሞቱ ድረስ ዘለቀ፤ የመጨረሻ መልሱ የታተመው በ1938፣ ካረፈ በኋላ ነው። በአብዛኛው የጸናው የፊሸር ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ማሳን በተመሳሳይ ክፍሎች ከፍሎ በየክፍሉ ውስጥ ዕጣ የማውጣት ልማድ የጎሴትንም ሥጋት ይመልሳል።

የናሙና ብዛት ብቻውን እንደማያድን ያሳየበት ሥራው ደግሞ በ1931 ወጣ። በ1930 በስኮትላንድ፣ በላናርክሻየር አውራጃ በ20,000 የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የወተት ሙከራ ተደርጎ ነበር። 10,000ዎቹ ለአራት ወራት በየቀኑ ወተት ተሰጣቸው፤ 10,000ዎቹ ለማነጻጸሪያ ያለ ወተት ቆዩ። ድልድሉ ያልተመጣጠነ ሲመስል መምህራን ልጆችን እንዲቀይሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ርኅሩኅ መምህር ወተቱን ለተራበው ልጅ ማድላቱ አይገርምም፤ ውጤቱ ግን ወተት የማያገኙት ከመጀመሪያውም በቁመትና በክብደት የበለጡ ሆኑ። በዚያ ላይ ልጆቹ በክረምት ከወፍራም ልብሳቸው ጋር፣ በበጋ በቀላል ልብስ ተመዘኑ። ድሃው ልጅ በክረምትም የሚደርበው ስለሌለው የሁለቱ ወገኖች የልብስ ልዩነት ራሱ እኩል አልነበረም። ጎሴት ከ20,000 ልጆች ይልቅ 50 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች፣ በጥንቃቄ ቢጠኑ፣ በጥቂት ወጪ የተሻለ እርግጠኝነት እንደሚሰጡ አስረዳ።

የመጨረሻ ዓመታት

ጎሴት በ1935 ጊነስ በለንደን፣ በፓርክ ሮያል ያሠራውን አዲስ ፋብሪካ ለማደራጀት ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1937 ዋና ጠማቂነት ተሾመ፤ በሹመቱ ግን ብዙ አልቆየም። ጥቅምት 16 ቀን 1937 በ61 ዓመቱ በልብ ድካም አረፈ። ዓሣ ማጥመድ፣ ጀልባ መሥራትና አትክልት መትከል ይወድ ነበር።

ልምምድ ከጫኖ ሜዳ

የጎሴት ሐሳብ በአካባቢያችን ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ የልምምድ ጥያቄ እናቅርብ። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። በጫኖ ስድስት አርሶ አደሮች የሙዝ ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን መሬቱን በደረቅ የሙዝ ቅጠል ሸፈኑ እንበል፤ የትኛው ወገን እንደሚሸፈን በየማሳው በዕጣ ተወሰነ። የአንድ ዘለላ አማካይ ክብደት በተሸፈነው ወገን ካልተሸፈነው የበለጠበት መጠን በኪሎ ግራም 3፣ 1፣ 4፣ −1፣ 2 እና 3 ሆነ።

አማካዩ 2 ኪሎ ነው። ከአማካዩ ያሉት ርቀቶች ስኩዌር ድምር 16 ሲሆን ለ5 ሲካፈል 3.2፣ መደበኛ ልይይቱም 1.79 ይሆናል። መደበኛ ስህተቱ 0.73፣ «ቲ» 2.74 ነው። በ5 የነጻነት ዲግሪና በ5 በመቶ ደረጃ ሠንጠረዡ የሚጠይቀው 2.571 ስለሆነ ልዩነቱ ደረጃውን ያልፋል። ተማሪው በስህተት በመደበኛው ሠንጠረዥ ቢጠቀም እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከ1,000 ወደ 6 ብቻ ይመስለዋል፤ በ«ቲ» ግን ከ1,000 ወደ 41 ነው። የማይገባው መተማመን ሰባት እጥፍ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። የ95 በመቶ የግምት ወሰኑ ከ0.12 እስከ 3.88 ኪሎ ይዘረጋል። ቅጠሉን ለማልበስ የሚወጣው ጉልበት በዘለላ የ1 ኪሎ ሙዝ ዋጋ ያህል ቢያስወጣ ጥያቄው ልዩነቱ ከዜሮ ይበልጣል ወይ ሳይሆን ከ1 ኪሎ ይበልጣል ወይ ይሆናል። አዲሱ «ቲ» 1.37 ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ወገን ፈተናው የሚጠይቀውን 2.015 አያህልም። በፈተና ወረቀት ላይ ልዩነት አለ ተብሎ የሚዘጋው ጥያቄ በአርሶ አደሩ ደጃፍ ገና ክፍት ነው። ለሁሉም ከመመከሩ በፊት ጥቂት ማሳዎችን መጨመር ያስፈልጋል፤ ስንት ማሳ የሚለውም የሙከራው ወጪ ከሚያስቀረው ኪሳራ ጋር ተመዝኖ የሚወሰን ነው።

መደምደሚያ

ከጎሴት ሕይወት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። ትንሽ ናሙና በአግባቡ ከተያዘ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያስፈልገው እርግጠኝነትን በልኩ መግለጽ ነው። ትልቅ ናሙናም ድልድሉ ከተበላሸ አያድንም፤ በጫኖ ለመንገድ ቅርብ የሆኑትንና በቀላሉ የሚገኙትን አምራቾች ብቻ መቶ አድርጎ መጠየቅ የላናርክሻየርን ስህተት መድገም ነው። የስታቲስቲክስ ውጤትም ወጪና ጥቅም ሳይሰላ ለውሳኔ አይበቃም።

በማስተማር ረገድ አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። የመሠረታዊ ስታቲስቲክስ ተማሪዎች ሠንጠረዡን ከማንበባቸው በፊት የካርዶቹን ሙከራ ቢያደርጉ መልካም ነው። ቁጥር የተጻፈባቸው መቶ ወረቀቶች፣ አንድ ከረጢትና የአንድ ክፍለ ጊዜ ትዕግሥት ይበቃሉ። አራት አራት እያወጡ፣ እየመለሱና እየበወዙ አማካይ የሚያሰሉ ተማሪዎች የትንሽ ናሙና ልይይት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በእጃቸው ይዳስሱታል፤ በሠንጠረዡ ላይ ያለው 2.571 ከ1.96 ለምን እንደበለጠም ያን ጊዜ ይገባቸዋል።